ሞልቻለሁ ያለው ዲስክ

«መርፌ» የሚለውን ስም ያወጡላት የእናቷ ደንበኞች ናቸው። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት መኪናዋን መኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ተክላ፣ የሰፈሩን ሴቶች ቀሚስ ስታጠብና ስታሰፋ ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ አበቃች። የመጨረሻዋ ልጅ ቀጫጫ፣ ፈጣን፣ ደግሞም የያዘችውን ነገር ሳትበሳ የማትለቅ ነበረች። ልብስ ሊለካ የመጣውን ሰው ሁሉ በጥያቄ ታደርቀዋለች፤ ይህ ክር ለምን ወፈረ፣ አንገቱ ለምን ጠበበ፣ ይህን ለብሰሽ የት ልትሄጂ ነው። አንዲት ደንበኛ ትዕግሥቷ ቢያልቅ «ልጅሽ እኮ መርፌ ናት» አለቻት ለእናቲቱ። ስሙ እዚያው ተሰፍቶ ቀረ። ዛሬ አርባ ዓመት አልፏት፣ በመዝገብ ስሟ የሚጠራት ሰው ቢመጣ «ማንን ፈልገህ ነው?» ማለቷ አይቀርም።

መርፌ ግን ስፌቱን አልወደደችውም። የምትወደው መኪናውን ነበር። እናቷ ገበያ ስትሄድ ጠብቃ ከሥር ከፍታ ታያለች፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ምን ምኑን ይዞ እንደሚዞር፣ ክሩ በየት በኩል እንደሚመጣ። አንድ ቀን ፈታትታው መልሳ ስትገጥመው አንድ ብሎን ተረፋት። እናቷ ሰምታ ጉድ አፈላች፤ መኪናው ግን ከዚያ በኋላ ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። «በይ እንግዲህ እጅሽ ካላረፈ ትምህርት ቤት ይረፍ» ብላ ቴክኒክ ትምህርት ቤት አስገባቻት። ከዚያ ኮምፒውተር ጥገና፣ ከዚያ ሰርቨር፣ ከዚያ ዛሬ ያለችበት ቤት።

ቤቱ ዓይነ ስውራን የሚያዳምጧቸው መጻሕፍት የሚቀረጹበት ነው። ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያለውን ፎቅ ይዟል። የመቅረጫው ክፍል ግድግዳ በስፖንጅ ተለብጧል፤ በሩ ላይ የመኪና ጩኸት እንዳይገባ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። በመስታወቱ ማዶ ድምፅ ቀጂው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ይቀመጣል። በኮሪደሩ ጫፍ ያለው ጠባብ ክፍል የመርፌ ነው። ቀድሞ የመጥረጊያና የሳሙና ማስቀመጫ ስለነበር ሰርቨሮቹ እያጓሩም የልብስ ሳሙና ይሸታል። የቤቱ ኃላፊ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆኑ ሴት ናቸው፤ ሰውን በእግር ኮቴው ይለያሉ፤ መርፌንም ከበሩ ሳትደርስ «ምነው ዛሬ ቸኮልሽ?» ይሏታል።

ከአንባቢዎቹ ሁሉ የሚወደዱት ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ክፍያ አይቀበሉም፤ ልጃቸው በመኪና ታመጣቸዋለች፣ ውሃቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ያነባሉ፣ ይሄዳሉ። ሲያነቡ አሮጊቷ አሮጊት ትሆናለች፤ ሰካራሙ እውነትም ይሰክራል። አድማጮች እየደወሉ «የመምህሩ ሌላ መጽሐፍ የለም ወይ?» እያሉ ስልኩን እረፍት ነሥተውት ነበር።

ወንዝ ላይ በጀልባ ሰው ስለሚያሻግር ቤተሰብ የተጻፈ ወፍራም ልቦለድ ጀምረው ሳለ ድምፃቸው መሻከር ጀመረ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አሉ። ሐኪሙ ግን ጉሮሯቸው ላይ ዕጢ አገኘ፤ ሕይወታቸውን ለማትረፍ ማንቁርታቸው መውጣት እንዳለበት፣ ድምፃቸውም አብሮ እንደሚሄድ ነገራቸው። መምህሩ ይህን ሰምተው በቀጥታ የሄዱት ወደ ቤታቸው አይደለም፤ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጽሐፉን እጨርሳለሁ አሉ። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ ኃላፊዋ ሰሟት፤ ግን አልከለከሏቸውም።

እነዚያን ሳምንታት መምህሩ አንድም ቀን አልቀሩም። ድምፃቸው ጠዋት ይሻላል ብለው ማልደው ይመጣሉ፤ ሲደክማቸው ቀጂው ብርጭቆውን ሞቅ ባለ ውሃ ይሞላላቸዋል። የጀልባው ሽማግሌ ሻካራ ድምፅ ነበረውና «ለእሱስ ሕመሜ ጠቀመኝ» ብለው ይቀልዱ ነበር። ሆኖም ሆስፒታሉ ቀኑን ቀደም አድርጎ ጠራቸው፤ አንድ ምዕራፍ ሲቀራቸው ማዳመጫውን አውልቀው፣ ጠረጴዛውን በእጃቸው መታ መታ አድርገው ሄዱ።

መርፌ በዚያ ወቅት በሥራ ላይ አልነበረችም። እናቷ ዓይኗን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ስለነበር ፈቃድ ወስዳ እሷን ታስታምም ነበር፤ እናቲቱ ፋሻው እስኪፈታ «ክሩን አቀብይኝ» ስትል፣ ልጅቱም «የምን ክር፣ እማ? አርፈሽ ተኚ» ስትል ከረሙ። ወደ ሥራ ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ሁልጊዜ ከርማ ስትመጣ የምታደርገውን ነው። ሰርቨሩን አጠፋች፣ አቧራውን ጠረገች፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ጫን ጫን አድርጋ አስተካከለች፣ መልሳ አስነሣችው። ሁሉም ነገር ሰላም መሰላት።

ከሰዓት በኋላ ድምፅ ቀጂው የመምህሩን ንባብ ሊያጸዳ፣ ሳሉንና የወረቀቱን ኮሽታ ሊያወጣ ፎልደሩን ቢከፍት የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ብቻ አሉ። ከሕመሙ በኋላ የተነበቡት በሙሉ የውሃ ሽታ ሆነዋል። ደግሞ ከፈተ። ዘጋ። ደግሞ ከፈተ። ከዚያ ኮሪደሩን እየሮጠ መጥቶ ከመርፌ በር ላይ ሆኖ ነገራት።

የጠፋው ሌላ ነገር ቢሆን እንደገና ይነበብ ነበር። ይህ ግን የሚደገም አይደለም። መምህሩ በዚያው ሳምንት ቀዶ ሕክምናው ተደርጎላቸው፣ አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ሰው ሲገባ እጃቸውን እያነሡ ሰላም የሚሉ ሆነዋል።

በቤቱ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሣ። ቀጂው ሚስቱ በቅርብ ወልዳለች፤ እንቅልፍ የለውም፤ ሥራ ላይ ሲያንጎላጅም ታይቷል። አፍ አውጥቶ «አንተ ነህ ያጠፋኸው» ያለው የለም፤ ግን ሲገባ ወሬ ይቆማል። እሱም ቀስ በቀስ ራሱን መጠርጠር ጀመረ። ምናልባት ደክሞኝ «አስቀምጥ» ማለት ሲገባኝ «አጥፋ» ብዬ ይሆናል አለ። መጨረሻ ላይ የመቅረጫውን ክፍል ቁልፍ ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሊሰናበት ቆመ። ኃላፊዋ ቁልፉን ዳብሰው አግኝተው መልሰው ወደ እሱ ገፉት፤ መርፌ ፍለጋዋን ሳትጨርስ ማንም የትም አይሄድም አሉት።

መርፌም ላይ ታች ስትል ሰነበተች። የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ትልቁ ዲስክ ላይ ለቀቀች፤ ድሮ ሆን ተብለው የተሰረዙ ማስታወቂያዎችን አመጣላት እንጂ ከመምህሩ ድምፅ አንድ ቃል አላመጣም። መጠባበቂያውን ቅጂ አየች፤ እዚያም የለም። ይህ ደግሞ ግራ አጋባት። መጠባበቂያው በየቀኑ ትልቁን ዲስክ ይገለብጣል፤ ቀረጻው አንድ ቀን እንኳ እዚያ አድሮ ከሆነ ዱካው መገኘት ነበረበት። ጭራሽ ያልተቀዳ ይመስላል። ቀጂው ግን ሲቀዳ በጆሮው ሰምቷል፤ በመጨረሻውም ሳምንት አንድ ገጽ መልሶ አስከፍቶ ለመምህሩ አሰምቷቸዋል።

የመምህሩ ልጅ ስልክ ደወለች። አባቷ ወረቀት ላይ «መቼ ይወጣል?» ብለው ጽፈው ሰጥተዋታል። ኃላፊዋ ትንሽ ጊዜ ስጡን አሉ፤ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ብዙ ቆይተው መርፌን አስጠሯት። ምናልባት ዲስኩ ሞልቶ እምቢ ብሎ ይሆን? ብለው ጠየቋት። ሞልቶ ባይሆንም እንኳ ከእንግዲህ በየጠዋቱ የትኛው ዲስክ ምን ያህል እንደያዘ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ለእኔ በድምፅ የሚነግር ነገር ሥሪልኝ አሏት። መርፌ በልቧ አሁን የዚህ ጊዜ ነው ወይ ብላ ነበር። ግን ፍለጋውም አንድ ቦታ ላይ ቆሞባታልና እሺ ብላ ተቀመጠች።

ፕሮግራም ራሱ ሄዶ ዲስክ አይነካም። ከሁሉም በታች ተቀምጦ ማሽኑን የሚያስተዳድረው ከርነል የሚባለው ነው፤ ፕሮግራሙ የሚፈልገውን የሚጠይቀው እሱን ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሲስተም ኮል ይባላል። ለእያንዳንዱ ጉዳይ የየራሱ ጥያቄ አለው፤ ስለ ተገጠሙ ዲስኮች የሚጠየቅበት «ስታትኤፍኤስ» ይባላል። የአንድ ፎልደር ስም ይሰጡታል፤ ከርነሉም ያ ፎልደር ያለበት ፋይል ሲስተም፣ ማለትም የዲስኩ የፋይል አያያዝ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ጠቅላላ ስፋቱን፣ ምን ያህሉ ባዶ እንደሆነ፣ መለያ ቁጥሩንም ጭምር ይመልሳል። አይገምትም፤ የያዘውን ይናገራል። መርፌ ይህን ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የሌሎች ሰዎች ፕሮግራሞች ሲጠይቁላት እንጂ ራሷ ጠይቃው አታውቅም ነበር።

ጽፋ ጨረሰች። መጀመሪያ ትልቁን ዲስክ ጠየቀች፤ ብዙ ባዶ ቦታ አለ አላት። ቀጥላ ሲስተሙ የተጫነበትን ትንሹን ዲስክ ጠየቀች። ሊሞላ ምንም አልቀረውም አላት።

እንዴት ሆኖ? ትንሹ ዲስክ ላይ ከሲስተሙና ከጥቂት ፕሮግራሞች በስተቀር ምንም አይቀመጥም። ስሌቷ ተሳስቶ እንደሆነ ብላ መረመረች፤ ልክ ነው። ከዚያ በሌላ በኩል መጣች፤ ትንሹ ዲስክ ላይ ያሉትን ፋይሎች ሁሉ አንድ በአንድ እየገባች መጠናቸውን ደመረች። ድምሩ የዲስኩን ሩብ እንኳ አልሞላም። ከርነሉ ተይዟል የሚለውና በዓይን የሚታየው አልገጠሙም። አንዳንዴ ፋይል ተሰርዞ፣ አንድ ፕሮግራም ገና ይዞት ከሆነ እንዲህ ይሆናል፤ ግን ማሽኑን ራሷ አጥፍታ አስነሥታዋለች፤ የያዘ ቢኖር ያኔ ይለቅ ነበር።

ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ወጣች። ቀጂው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው፤ ምሳ ሰዓት ከሰው ጋር መቀመጥ ትቷል። አጠገቡ ተቀምጣ ያየችውን ነገረችው። ለማጽናናት አልነበረም፤ ነገሩ ከአፏ ሲወጣ ይጠራልኛል ብላ ነው።

«ታዲያ የማይታይ ነገር የት ይቀመጣል?» አላት።

መርፌ ወደ እሱ ዞረች።

«ስማ እስቲ ወንድሜ፣ እኔ በሌለሁበት መብራት ጠፍቶ ያውቃል?»

«አንዴ። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ግን ወዲያው መጣ፤ ማሽኖቹም ራሳቸው ተነሡ። ሰኞ እንደ ልማዳችን ቀጠልን።»

«ከዚያ በፊት ክፍሌ የገባ ሰው ነበር?»

«አርብ ግድግዳ ሊቀቡ የመጡ ቀለም ቀቢዎች የሰርቨሮቹን መደርደሪያ ሳብ አድርገው ነበር። ምነው?»

መርፌ ብድግ አለች። ትልቁ ዲስክ ማሽኑ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚገጠመው «ድምፅ» በሚባል አንድ ፎልደር ላይ ነው፤ ፎልደሩ ራሱ ያለው ትንሹ ዲስክ ላይ ሲሆን በላዩ የሚገጠመው ዲስክ እንደ ክዳን ይከድነዋል። መደርደሪያው ሲሳብ የዲስኩ ገመድ ላልቶ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ዲስኩ ሳይነሣ ከቀረ፣ «ድምፅ» የሚባለው ፎልደር ባዶውን ትንሹ ዲስክ ላይ አለ ማለት ነው። መቅረጫው ፕሮግራም ባዶ ፎልደር አግኝቶ አይጠይቅም፤ የሚያስፈልገውን ፎልደር ፈጥሮ እዚያው ይጽፋል። ቀጂውም የሚያየው የዕለቱን ሥራ ብቻ ነው፤ መጠባበቂያውም የሚገለብጠው ትልቁን ዲስክ ብቻ ስለሆነ እዚያ ያለውን አያገኘውም። ከዚያ እሷ መጣች፣ ገመዶቹን ጫን ጫን አደረገች፣ አስነሣች፤ ትልቁ ዲስክ ተነሥቶ ቦታው ላይ ተገጠመ፤ ሥሩ ያለውን ሁሉ ሸፈነው።

ይህን ሁሉ ለኃላፊዋ ስትነግር ቃላቱ እየተጋጩ ወጡባት። ኃላፊዋ እጃቸውን አነሡ። «ቀስ ብለሽ፣ ልጄ። ጠፍቷል ወይስ አልጠፋም?»

«ኪስ ላይ ጨርቅ ደርበው ሲሰፉ ኪሱ ውስጥ ያለው አይጠፋም፤ እጅ አይገባም እንጂ። ጨርቁን የደረብኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሳላይ ነው፤ ግን እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ፍቺዋ» አሉ ኃላፊዋ።

ሥራ ሁሉ ለጊዜው እንዲቆም ተነገረ። ቀጂው ክፍሏ መግባት ፈርቶ በሩን ተደግፎ ቆመ። መርፌ ትልቁን ዲስክ ከቦታው የሚያላቅቀውን ትእዛዝ ሰጠች፤ ከዚያ «ድምፅ»ን ከፈተች። ፎልደሩ አለ። በውስጡ የመጽሐፉ ስም፣ በውስጡ ምዕራፎቹ፣ ቀጂው ራሱ በሰጣቸው ስም ተራ በተራ ተሰድረው። የመሐሉን አንዱን ነካችው። መጀመሪያ የቀጂው ድምፅ የምዕራፉን ስም ጠራ። ከዚያ ትንሽ ሳል፤ ከዚያ የጀልባው ሽማግሌ በሻካራ ድምፁ፣ ወንዙ ዛሬ ተቆጥቷልና ጭነታችሁን ቀንሱ ብሎ መንገደኞቹን ሲያዝ ተሰማ።

ቀጂው በሩን ለቆ ወደ ክፍሉ ገባ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ኃላፊዋ ከኮሪደሩ ሰምተው ግድግዳውን እየዳበሱ መጡና በሩ ላይ ቆመው ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ማንም አላቋረጣቸውም። መርፌ ምንም ነገር ከመንካቷ በፊት ሁሉንም ወደ ሁለት ቦታ ገለበጠች።

በማግስቱ የቤቱ ሰው በተሰበሰበበት የሆነውን አንድም ሳትደብቅ ተናገረች፤ ቀጂው ጥፋት እንደሌለበት፣ ማሽኑን ከማጥፋቷ በፊት ዲስኩ መገጠሙን ሳታረጋግጥ «ሰላም ነው» ያለችው እሷ እንደሆነች። ሲያንሾካሹኩ ከነበሩት አንዷ ለቀጂው ልጅ የሹራብ ኮፍያ ይዛ መጣች።

መቅረጫው ፕሮግራምም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ግዴታ ተጨመረበት። ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ያንኑ ጥያቄ ለከርነሉ ሁለት ጊዜ ያቀርባል፤ አንዴ ስለ «ድምፅ»፣ አንዴ እሱን ስለያዘው የትንሹ ዲስክ ፎልደር። የሁለቱ መለያ አንድ ከሆነ ትልቁ ዲስክ አልተገጠመም ማለት ነውና ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። ኃላፊዋም በየጠዋቱ ቢሮ ሲገቡ ኮምፒውተራቸው የዲስኮቹን ሁኔታ በድምፅ ይነግራቸዋል፤ እሳቸውም «እግዜር ይስጥህ» ይሉታል።

መምህሩ ከሆስፒታል ወጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ ከስተው ነበር፤ አንገታቸው ላይ ስስ ሻሽ ጠቅልለዋል። ያለፈውን ልጃቸው ነግራቸው ኖሯል። ቀጂውን ትከሻውን ይዘው አዩት፤ ከዚያ መርፌን። ማዳመጫውን አድርገው የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ ልጃቸው ያለቅሱ እንደሆነ ብላ ዓይኗን ከእሳቸው አልነቀለችም። እሳቸው ግን ጣታቸውን አንሥተው አንድ ቦታ ላይ አስቆሙና ወረቀት ላይ «እዚህ ጋ ቸኩያለሁ» ብለው ጻፉ።

የመጨረሻው ምዕራፍ ግን አልተነበበም ነበር። ኃላፊዋ የታወቁ አንባቢዎችን ስም ጠሩላቸው። መምህሩ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። በጣታቸው ወደ ቀጂው አመለከቱ።

«እኔ?» አለ ቀጂው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የምዕራፍ ስም ከመጥራት ሌላ አንብቤ አላውቅም።»

መምህሩ ጻፉ፤ ኃላፊዋ እንዲሰሙት ልጃቸው ጮክ ብላ አነበበችው፦ «በየምዕራፉ መጀመሪያ ሰዎች ሲሰሙህ ኖረዋል። እንግዳ አትሆንባቸውም። ደግሞ እያንዳንዱ ሰው በእኔ አፍ እንዴት እንደሚናገር ካንተ የበለጠ የሰማ የለም።»

ቀጂው በስፖንጁ ክፍል ውስጥ፣ መምህሩ በመስታወቱ ማዶ ተቀመጡ፤ መርፌም የቀጂውን ቦታ ይዛ መቅረጫውን ስትቆጣጠር ሰነበተች። መምህሩ እጃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ቀጂው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ጣታቸውን ሲያዞሩ ይደግማል። መጀመሪያ አንደበቱ ተሳሰረ፤ በመጽሐፉ ያለችውን አሮጊት ሲያነብ እንደ ፖሊስ ሆነችበት፤ ሁሉም ሳቁ፤ መምህሩም ያለ ድምፅ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እየዋለ እያደረ ግን ሰው ሆነችለት። መጽሐፉ ወጥቶ በተሰማ ሰሞን አንዲት አድማጭ ደውላ ያ የመጨረሻውን ያነበበው ልጅ ሌላ መጽሐፍ የለውም ወይ ብላ ጠየቀች። ስልኩን ያነሣው ራሱ ቀጂው ነበር፤ ደነገጠና «ይጠየቅልዎታል» ብሎ ዘጋ።

አሁን መምህሩ በሳምንት ሁለቴ ይመጣሉ፤ አዲስ የሚጀምሩ አንባቢዎችን ያርማሉ። ሐኪሞቹ አንገት ላይ የሚደገፍ ትንሽ ድምፅ ማውጫ መሣሪያ ሰጥተዋቸው ቤታቸው በር ዘግተው ሲለማመዱበት ከረሙ፤ ሰው ፊት ግን አላወጡትም ነበር። በቅርቡ አንድ ጠዋት ቀጂው አዲስ መጽሐፍ ሲያነብ አንድ ዓረፍተ ነገር ገደፈ። መምህሩ እጃቸውን ለማንሣት ሲሉ ተዉትና ከኪሳቸው መሣሪያውን አውጥተው አንገታቸው ላይ አስጠጉ። መርፌ እጇ መቆጣጠሪያው ላይ እንዳለ ቀረ። ድምፁ የቆርቆሮ፣ ደረቅና ያልተቃና ነበር፤ ቃሉ ግን ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ድገመው» አሉ።

ቀጂውም ደገመው።